የስድስተኛው ክፍል ሳቅ

«ሳቁን አጥፋው አልኩህ!»

«ምን ሳቅ አለና ነው የማጠፋው? ስፒከር እንኳ የለኝም እኮ!»

«ታዲያ ማን ነው የሚስቀው? አያትህ?»

ክብሪት የድምፅ ባለሙያውን ልታንቀው ምንም አልቀራት። ክብሪት ያልናት ቶሎ ስለምትነድ ነው።

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው፤ እኔ ግን እዚያ ነበርኩ። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል፣ ቦታው ድሮ መጋዘን የነበረ፣ መስኮት የሌለው ስቱዲዮ። ውጭ ፀሐይ ነበር።

አንድ ቤት ተከራይተው ስለሚኖሩ ሦስት ጓደኛሞች ኮሜዲ ድራማ እንሠራ ነበር። ተዋናዮቹ ክብሪት፣ ድንቡሼና እኔ ነን። የቴሌቪዥን ጣቢያው አምስተኛው ክፍል ላይ «ማንንም አላሳቀም፤ በስድስተኛው ይብቃችሁ» አለን። ያን ቀን የምንቀርፀው ስድስተኛውንና የመጨረሻውን ነበር።

ስንቀረፅ ተመልካች አይገባም። ቀልድ ከተናገርን በኋላ በልባችን እስከ ሦስት እንቆጥራለን። ያንን ባዶ ቦታ የድምፅ ባለሙያው በኋላ ኤዲት ሲያደርግ በሳቅ ይሞላዋል።

ያን ቀን ግን ባዶ አልሆነም...

«በቃ! እንደገና!» አሉ ዳይሬክተሩ። «ቀዩ የቀረፃ መብራት እስኪጠፋ ማንም ንቅንቅ አይልም።»

«ጋሼ፣ ልጄ አሥር ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት ትወጣለች» አልኩ። «ከእኔ ሌላ የሚወስዳት የለም። ከቀረሁባት ብቻዋን ዋናውን መንገድ ልታቋርጥ ትነሣለች። አንዴ አድርጋዋለች።»

አንድ... ሁለት... ሦስት...

ቀልድ አልነበረም፤ ሳቁ ግን መጣ።

የብዙ ሰው ሳቅ ነው። መሐል ላይ አንዱ ሲያስል ይሰማል።

የመጣው ከማድ ቤቱ በር በኩል ነበር። በሩ ደግሞ የውሸት ነው። ሳሎናችን ከቺፕውድ የተሠራ ነው፤ ከበሩ ኋላ ያለው የመጋዘኑ ግንብ ብቻ ነው። በመሐላቸው አንድ ስንዝር እንኳ አይሞላም።

ድንቡሼ ሄዶ ከፈተው።

ግንብ።

በመዳፉ ዳሰሰው። «ይሞቃል» አለ በሹክሹክታ።

ክብሪት ወደ ትክክለኛው መውጫ ሮጠች። እጀታው ዞረ፤ የብረት በሩ ግን አልተነቃነቀም። ካሜራማኑና የድምፅ ባለሙያው በትከሻቸው ገፉት። ክብሪት በቡጢ ደበደበችው። የማይታዩት ሳቁ። ማልቀስ ጀመረች። ሳቁ ባሰ፤ አንዱ ጭኑን ሲመታ ሰማሁት።

«አታልቅሺ» አልኳት በጆሮዋ። «ደስ እያላቸው ነው።»

«እነማንን?»

ክንዷን ይዤ ወደ ሶፋው መለስኳት።

ሶፋው ላይ ተቀመጥን። ዝም አልን። እነሱም ዝም አሉ። ግን የሄደ ሰው ዝምታ አልነበረም... ወንበር ሲንቋቋ ይሰማል። ትንፋሽ ይሰማል።

ስልኬን አየሁ። መስመር የለም። ለአሥር ሩብ ጉዳይ።

«ጋሼ» አለ ድንቡሼ ቀስ ብሎ፣ «ድርሰቱ ላይ የነበረውን መጨረሻ ለምን ሰረዙት?»

«የቱን?»

«አንዱ ጓደኛ ሻንጣውን ይዞ፣ በማድ ቤቱ በር የሚሄድበትን።»

ዳይሬክተሩ አቀረቀሩ። «ሌላ ጣቢያ ከወሰደን ብዬ ነዋ። አንዳችሁ ከሄዳችሁ ድራማው አለቀ ማለት ነው።»

«ስላላለቀ ነዋ ተመልካቾቹ የማይሄዱት፣ እኛንም የማይለቁን» አለ ድንቡሼ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የሚሄደው ሰው የእኔ ገጸ ባሕርይ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን።

ተነሣሁ። የድንቡሼ ከባድ እጅ ትከሻዬ ላይ አረፈ።

«ቁጭ በል አንተ። የምትጠብቅህ አለች። እኔን እንደሆን ቤት የሚጠብቀኝ ያልታጠበ ካልሲ ነው።»

ሳቁ።

ከጠዋት ጀምሮ በቦታው የመጣ ሳቅ ያ ብቻ ነበር።

ሶፋው አጠገብ የቆመውን ባለ ጎማ ሻንጣ ሳበ። ኮሌታውን አስተካከለ። በሩን ከፍቶ ወደ እኛ ዞረና የእኔን ገጸ ባሕርይ የመሰናበቻ ቃል ተናገረ፤ ከእኔ ይልቅ አሳምሮ።

«እንግዲህ ቤቱን አደራ። ስናፍቃችሁ ሰሃን እጠቡ።»

ልይዘው ይገባኝ ነበር። ክንዱ ከእጄ አይርቅም ነበር...

እኔ ግን በልቤ ቆጠርኩ። አንድ... ሁለት... ሦስት...

ሳቅ። ከዚያ ጭብጨባ፣ ረጅም ጭብጨባ። በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ።

ቀዩ መብራት ጠፋ።

«ካት!» አሉ ዳይሬክተሩ። ፊታቸው በርቷል። «እንዲህ ነው እንጂ! ሁለታችሁም ጎበዞች።»

ሁለታችሁም።

ካሜራማኑ መብራቶቹን ማጥፋት ጀመረ። የድምፅ ባለሙያው ገመዱን እየጠቀለለ ያፏጫል። ክብሪት በትንሽ መስታወት ዓይኗን አየችና «ምነው እንዲህ ያበጠው?» አለች። ቀጥላም «ቻርጀር የያዘ አለ?»

የብረት በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ፀሐዩ እስከ ሶፋው ድረስ ገብቷል።

ላሥር አምስት ጉዳይ ነበር። «ድንቡሼስ?» ልል አፌን ከፈትኩ... መልሼ ዘጋሁት። ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ።

በቺፕውዱ ግድግዳ ጥግ ሳልፍ ግን ሰማሁት። እዚያ፣ አንድ ስንዝር በማይሞላው ቦታ ውስጥ፣ የሻንጣው ጎማ ይንከባለላል። ቀስ እያለ... እየራቀ... እየራቀ...