ከጋዙ ክፍል በር የወረደው ሽርጥ

አዛውንቱ የቤተ መዛግብት ኃላፊ ሞተው የተገኙት ሙታንን እናናግራለን የሚሉ ሰዎች የተዉት ወረቀትና የመስታወት ፎቶ ከብል በሚጸዳበት የጋዝ ክፍል ውስጥ ነው። ጋዙ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰው ከተዘጋበት ጭልጥ አድርጎ ያስተኛዋል፣ አይነቃም።

ወደዚያ ክፍል የሚገባ ሰው ሽርጡን በሩ ላይ ይሰቅላል። ሽርጥ ከተሰቀለ ጋዝ አይከፈትም። ትናንት ግን የአዛውንቱን ሽርጥ መጽሐፍ ጠራዧ ልጃቸው አወረደችው። ኪሱ ተቀዶ ብታይ፣ ቶሎ ሰፍቼ እመልሰዋለሁ ብላ ነው። ከዚያ ወዲህ እህል ውሃ አላሰኛትም።

«እኔ ነኝ የገደልኩት፣ እሰሩኝ» አለች መርማሪዋን ገና ስታያት።

መርማሪዋ ድብልብል ያለች፣ እንቅልፍ የመጣባት የምትመስል ሴት ናት። «ለእስሩ አንቸኩል፣ እህቴ። አባትሽ ሲገቡ ምን ይዘው ነበር?»

«የመጨረሻዋን የፎቶ ሳጥን። ከእጄ ተቀብሎኝ ገባ።»

ጋዙን የከፈተው የፎቶዎቹ ባለሙያ፣ የጠራዧ ባል ነው። «መስቀያው ባዶ ነበር» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ነቀዞቹን አስቀመጥኩ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ከፈትኩ።»

«የምን ነቀዝ?»

«በብልቃጥ ያሉ፣ ነፍስ ያላቸው። እነሱ ከሞቱ ጋዙ ሠርቷል ማለት ነው። ሁሌም መጨረሻ ላይ ነው የምናስገባቸው።»

«ሌላ ሰው ሊያስገባቸው ይችላል?»

«የቁም ሳጥናቸው ቁልፍ እኔ ጋ ብቻ ነው።»

ወረቀቱንና ፎቶዎቹን ለቤተ መዛግብቱ የሰጠችው ሙታን አናጋሪ ደግሞ አልደበቀችም። «መንፈስ የታየባትን ፎቶ ተጠራጠሩብኝ። ይሄ የፎቶ ባለሙያ ከሰጠሁት መሃል አገኘኋት ብሎ በእሷ ስንት ስም አተረፈ! ሰውዬውን ጠልቻቸው ነበር፤ አሁን ጸጸተኝ።»

«እስቲ ጠርተሽ ጠይቂልኛ፣ ማን እንደገደላቸው።»

«ፖሊስ ባለበት አይመጡም።»

መርማሪዋ ሦስቱንም በሩ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ብልቃጡን ያገኘነው ከሳጥኗ በተነሣው ክዳን ላይ ነው። ሳጥኗን ያስገቡትም የከፈቷትም አዛውንቱ ናቸው። ስለዚህ ብልቃጡ የገባው ከእሳቸው በኋላ ነው። ክፍሉ ደግሞ ሁለት ሰው እንኳ አያዟዙርም፤ ሳያዩዋቸው ማስቀመጥ አይቻልም።» ወደ ባልየው ዞረች። «ፎቶዋን አስመረመርኩ። መስታወቱ አዲስ ነው፤ መንፈሷን የሠራሃት አንተ ነህ። እሳቸው ደርሰውብህ ነበር፤ ትናንት ሚስትህ ሽርጡን ስትወስድ አየህ፤ ሰበብ አገኘህ።»

ባልየው ግድግዳውን ተደገፈ። «ስሜ ይጠፋል ብዬ ለመንኳቸው። አባባ እምቢ አሉኝ።»

ጠራዧ ትክ ብላ አየችው። ሌሊቱን ሙሉ አቅፎ «አይዞሽ፣ ሆን ብለሽ አይደለም» ሲላት ያደረው እሱ ነው።

«አባዬንስ ፈርተኸው ነው» አለች። «እኔን ግን እንደዚያ ስቃጠል እያየህ?»

ባልየው እጁን ለካቴናው ዘረጋ። ሲወስዱት ጠራዧ ከደረቷ ድንጋይ የተነሣላት ያህል እፎይ አለች። ወዲያው ደግሞ በእፎይታዋ አፈረች፤ አባቷ ገና አልተቀበሩም ነበር።