የአባተ ጭብጨባ

እሑድ ጠዋት፣ በእስራኤል የናታንያ ከተማ ስታዲየም ዕቃ ቤት ኃላፊ ሻሺ መረብ ሊያወጣ ሲሄድ አስጎብኚውን አባተን ከከፍተኛው የተመልካች መቀመጫ ሥር ወድቆ ሞቶ አገኘው። አጠገቡ እንኳ ሳይደርስ ወደ ፖሊስ ሮጠ። ፖሊሶቹ ሻሺና አባተ ሲጨቃጨቁ እንደከረሙ ሰምተው ኖሮ ሻሺን ራሱን ሊያስሩት ተነሡ። ሰውየው ሦስት ልጆች ያለ እናት የሚያሳድግ ነው።

መርማሪዋ ዘነበወርቅ ግን «ቆይ እስቲ» አለች። የሬሳው ዓይን ተከድኗል፤ እጆቹ ከጎኑ ተስተካክለዋል። ከዚያ ከፍታ የወደቀ ሰው እንዲህ አምሮበት አይተኛም።

ቅናቱን ልንገራችሁ፤ እዚያ ግቢ ቅናት ያልነካው ሰው አልነበረም። አባተ እንግዶችን እየመራ፣ ኳሱን፣ ሰርከሱን፣ የበዓል ሰልፉን፣ በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ የመጡት ቤተ እስራኤላውያን እዚያው ስታዲየም ማደራቸውን ይተርካል፤ ሰው ያጨበጭብለታል። ቀድሞ የሚያስጎበኘው ሻሺ ነበር። ጽዳት ሠራተኛዋ ሙኒት ደግሞ አባተ ሌላ ስላገባ ቂም ይዛለች። ሣር የሚያጠጡት ጋሽ ዘበነም አሉ፤ አባተ የሚያወራውን ሁሉ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ አንድም ቀን ስማቸውን አንሥቶ አያውቅም።

አባተ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው ዓርብ አመሻሽ ነበር፤ ቅዳሜ ሰንበት ስለሆነ ስታዲየሙ ተዘግቶ ዋለ። ዘነበወርቅ ሁሉንም አነጋገረች። ሻሺ ዓርብ ማታ ከልጆቹ ጋር በአንድ ማዕድ እንደበላ ጎረቤት መሰከረ። ሙኒት ዓርብ ማታም ቅዳሜም ቤት ክነሴት፣ ምኩራቡ ውስጥ፣ ነበረች፤ ቅዳሜ ጋሽ ዘበነ ግን አልገቡም፣ ከአጥር ውጭ ቆመው ጸለዩ ብላ እግረ መንገዷን አወራች። መርማሪዋ ነቬ ኢታማር ሰፈር ወዳለው የጋሽ ዘበነ ቤት ሄደች። ሚስታቸው ዓይናዲስ፣ ባሌን ከዓርብ ጀምሮ ብርድ መታው፣ በረንዳ ላይ ያድራል፣ ለብቻው ይበላል አለቻት። በናታንያ የሰኔ ሙቀት ምን ዓይነት ብርድ ነው?

ሰኞ ጠዋት ሁሉንም ስታዲየሙ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«የአባተን ዓይን የከደነው ሰው ሬሳውን ነክቶታል» አለች። «በእኛ በቤተ እስራኤላውያን የጥንት ሥርዓት ሬሳ የነካ ሰባት ቀን ከሰው ይለያል። የአባተ ሞት የተሰማው እሑድ ነው። ጋሽ ዘበነ ግን ከዓርብ ጀምሮ ተለይተዋል። በዘመድም በጎረቤትም የሞተ ሰው የለም። ጋሼ፣ ዓርብ የነኩት የማንን ሬሳ ነው?»

ሽማግሌው ወደ ላይኛው መቀመጫ ቀና ብለው አዩ።

«ታሪኩን ወሰደው፣ ይሁን አልኩ። ጭብጨባውንም ወሰደው፤ እሱንም ቻልኩት። እኛ እዚህ ባደርንበት ሌሊት ሕፃን ልጄ ሞታብኛለች። ዓርብ እንግዶቹ ፊት ‹የእኔ ልጅ› ብሎ ተረካት። አለቀሱለት። እሱ ልጅ ወልዶ አያውቅም። እንግዶቹ ሲሄዱ ባንዲራ ሊሰቅል ከመቀመጫዎቹ አናት ላይ ወጣ፤ ተከትዬ ወጥቼ ገፋሁት። ሮጬ ስወርድ አልቆ ነበር።»

ሻሺ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ዘነበወርቅ ካቴናውን ይዛ ስትጠጋ ሽማግሌው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«አትንኪኝ ልጄ፤ ሰባት ቀኔ ገና አልሞላም።»

ካቴናውን መሬት አስቀመጠችላቸው። ጎንበስ ብለው አነሡና ራሳቸው አጠለቁት።