ያልተላጨው ጉንጭ

ሰዓት ሠሪው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በመታጠቢያ ቤቱ መስተዋት ፊት፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። ጉሮሮው ተቆርጧል። በቀኝ እጁ ታጣፊ ምላጭ ይዟል። በግራ ጉንጩ የሳሙናው አረፋ እንዳለ ደርቋል፤ ከቀኙ ግን ተጠርጓል። ሚስቱ ከሞተች ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ በአሥር ቀን ውስጥ እንደገና ሊያገባ የነበረ ሰው ነው። የሠርጌ ዕለት እንደ ድሮ ሰው በታጣፊ ምላጭ ራሴን እላጫለሁ ብሎ መማር ከጀመረ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዞ ነበር። ያ ሁሉ ሽር ጉድ መጨረሻው ይሄ ሆነ።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ፊቷ ላይ ግን የሚደፍር የለም። ስትደርስ ሳሎን ውስጥ ሦስት ሰዎች አገኘች፦ የሟቹን ሴት ልጅ፣ ምድር ቤት ጫማ የሚሠራውን ታናሽ ወንድሙን፣ እና ምላጭ አያያዝ ሲያስተምረው የነበረውን ፀጉር አስተካካይ ጓደኛውን።

«አባቴን የገደለው እሱ ነው» አለች ሴት ልጁ፣ ፀጉር አስተካካዩን እያሳየች። «ዓይኑ ለደከመ ሰው ስለት ያስያዘው እሱ ነው።»

ፀጉር አስተካካዩ አልተከራከረም። «እውነቷን ነው» አለ ቀና ሳይል።

ለመርማሪዋ ነገሩ አልዋጥላት አለ። ሰውየውን ለብቻው ወሰደችው።

«ጋሼ፣ ያስተማሩትን አንድ ሳያስቀሩ ይንገሩኝ።»

«አያያዙን ነዋ። ምላጩ ቆዳው ላይ ጋደም ይላል እንጂ አይቆምም፤ ከቆመ ይቆርጣል። በሌላው እጅ ቆዳውን መወጠር ነው። መጫን የለም፣ በራሱ ክብደት ይሂድ። ሲያበቃ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ዘይት ጠብ ይደረግበታል። እርጥቡን ካጠፉት ይዝጋል።»

«አሳሳሉስ?»

«መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ መሳያ ቆዳ አለው። ምላጩ በጀርባው በኩል ይሳባል፣ ሲገለበጥም በጀርባው ነው። አለዚያ ቆዳው ይተለተላል።» እዚህ ላይ ዓይኑን ከእሷ አሸሸ።

«የቀረ ነገር አለ» አለች መርማሪዋ።

ሽማግሌው ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። «መንታ ምላጮች አሉኝ፤ አንዱ ከአንዱ አይለይም። አንዱን ሆን ብዬ በብርጭቆ ጠርዝ አደንዝዤዋለሁ። ጀማሪ የመጀመሪያውን ወር በዱልዱሙ አረፋ ብቻ ይጠርጋል፤ እጁ ሲገራ ስለታሙን ይይዛል። እኔም እንዲሁ ነው የተማርኩት። እሱ ያውቃል፤ እንዳይስቁብኝ ለቤተሰቦቼ አትንገር ብሎኝ ነበር። ትናንት ዘይት ልቀባው ወደ ፀጉር ቤቴ ወስጄ መለስኩለት። ተሳስቼ ስለታሙን ሰጥቼዋለሁ። ሌላ ምን ይሆናል? አርባ ዓመት ሰው ጉሮሮውን ያመነው እጅ ነው። ከእንግዲህ ምላጭ አልነካም።»

«ሌላኛው የት አለ?»

«ፀጉር ቤቴ፣ መሳቢያ ውስጥ። ከፍቼ ለማየት አልደፈርኩም።»

መርማሪዋ ቁልፉን ተቀብላ ፖሊስ ላከች። ከዚያ ወደ አስከሬኑ ተመልሳ አረፋው የተጠረገለትን ጉንጭ በጣቷ ዳሰሰች፤ ሻከራት። ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን መሳያ ቆዳ ደግሞ ቀርባ አየችው።

ምድር ቤት ስትወርድ ጫማ ሠሪው ሥራ ይዟል።

«ዛሬም ይሠራሉ?»

«እጄ ሥራ ከፈታ ሐሳብ ይገለኛል» አለ። ሶል ቆረጠ፣ ቢላውን የቆዳ ሽርጡ ላይ ሁለቴ ጠረገና አስቀመጠ። እንደገና ቆረጠ፤ እንደገና ሁለቴ ጠረገ።

«ወንድምዎ ሲያገቡ ይህ ክፍል ምን ሊሆን ነበር?»

«ሙሽሪት ልብስ ስፌት ልትከፍትበት ነበር።»

«እርስዎስ?»

«ሰው ቦታ አያጣም።» ቢላው ግን ቆዳው ላይ ቆሞ ቀረ።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። የሚመረመረው ደም ተወስዶ ምላጩ ታጥቧል። ዘረጋችው፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ስለቱን ክንዷ ላይ ተጭና ሳበችው። ሴት ልጁ ዓይኗን ጨፈነች። ክንዷ ላይ ቀይ መስመር ወጣ፤ ደም የለም።

«ዱልዱም ነው» አለች መርማሪዋ። «አባትሽ ከአረፋው በቀር የላጨው ነገር የለም፤ ጢሙ እንዳለ ነው። ስለታሙ ከፀጉር ቤቱ መሳቢያ ተገኝቷል። ጋሼ፣ አልተሳሳቱም።»

ፀጉር አስተካካዩ የወንበሩን እጀታ ጨምድዶ ያዘ።

«ስለዚህ ጉሮሮው በሌላ ስለት ተቆርጦ፣ ይህ ምላጭ በኋላ ደም ውስጥ ተነክሮ እጁ ላይ ተደረገ። ይህን ያደረገው ሰው ምላጭ ሁሉ ይቆርጣል ብሎ አምኗል፤ የዱልዱሙን ምስጢር አያውቅም። ጋሼ ደግሞ ያውቃሉ። አሁን ወደ መሳያው ቆዳ እንምጣ። ሁለት የደም መስመር አለበት፣ ጎን ለጎን። ሟቹ ጉሮሮው ተቆርጦ ተነሥቶ ምላጭ አልሳለም። የመስመሩ ስፋት ደግሞ የአውራ ጣት ርዝመት ያህል ነው፣ የምላጩ ስለት የዚያ እጥፍ ይረዝማል። አጭር ቢላ ነው። ባለቤቱም በቆረጠ ቁጥር ሁለቴ ቆዳ ላይ ካልጠረገ እጁ አያርፍም።»

ሁሉም ወደ ጫማ ሠሪው ሽርጥ ዞሩ። እሱ የሚያየው የገዛ እጁን ነበር።

«መጥረጌን አላወቅሁም» አለ በመጨረሻ።

«አጎቴ» አለች ሴት ልጁ። 

«ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁበትን ክፍል ልቀቅ ሲለኝ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ሰዓት እየፈታ ነበር።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ።

በማግስቱ አስከሬኑ ከምርመራ ተመለሰ። ሴት ልጁ የተዘጋውን ፀጉር ቤት አንኳኳች።

«ጋሼ፣ ትናንት ክፉ ተናግሬዎታለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። አባቴ ለሠርጉ ሊላጭ ነበር። እንዲህ ሆኖ አይቀበርም።»

«እጄን አላምነውም፣ ልጄ።»

«እኔ አምነዋለሁ።»

ስለታሙን ከመሳቢያ አወጣ። በራሱ መሳያ ቆዳ ላይ በጀርባው እያገላበጠ ደጋግሞ ሳበው። እቤት ሲደርሱ እሷ ሳህኑን ያዘች፤ እሱ አረፋውን ቀባ፣ ቆዳውን በግራ እጁ ወጠረ፣ ለጓደኛው እንዳስተማረው ምላጩን ጋደም አድርጎ ሁለቱንም ጉንጮች ላጨ። አንድም ቦታ አልጫረውም። ምላጩን አጠበ፣ አደረቀ፣ ዘይት ቀብቶ አጠፈው። ያለቀሰው ከዚያ በኋላ ነው።