ለሠርጓ የተነጠፈ ሣር

ግቢው ሲያዩት ያምራል፤ ሲረግጡት ግን ጉድ ነው። መዋኛ ገንዳው ዙሪያ ያለው መሬት ውኃ አያሳልፍም። ከገንዳው የተረጨውም፣ ከሰማይ የወረደውም እዚያው ተኝቶ ይከርማል፣ ይሸታል፣ ትንኝ ያረባል። አባትየው ግን የመጨረሻ ልጄን በገዛ ግቢዬ ካልዳርኩ ሞቼ እገኛለሁ ብለዋል። ጭቃውን በሰው ሠራሽ ሣር ሸፍኖ ሰው መጥራት ነው ሐሳባቸው።

ልጅቷ ሚጣ ናት። ሃያ ሰባት ዓመት ሞልቷት ቤት ውስጥ አሁንም ሚጣ። ሙሽራው የአባቷ የንግድ ሸሪክ ልጅ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ አትወደውም እንጂ። «እሺ» ያለችውም ሌላ የምትወደው ስላልነበራት ነው። ያኔ።

ሣር አንጣፊው የመጣ ዕለት ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ጭቃው መሀል ገብቶ ቆመ። ሚጣ በረንዳው ላይ ሆና ሳቀች።

«ወንድሜ፣ ሣር ልታነጥፍ ነው ወይስ ሩዝ ልትዘራ?»

«መሬቱ የሚለውን ልስማ ብዬ ነው፣ እህቴ።»

«እና ምን አለህ?»

«ሳትቆፍረኝ ምንም እንዳትጭንብኝ አለኝ።»

ውኃ ልስጠው ብላ ወጣች፤ በማግሥቱ ብርጭቆውን ልውሰድ ብላ፤ ከዚያ ወዲያ ሰበብ መፈለጉንም ተወችው። እሱ እየቆፈረ ያስረዳታል። ውኃው ከገንዳው እንዲሸሽ መሬቱ ተዳፋት ይሰጠዋል፣ የተበሳሳ ቱቦ ይቀበራል፣ ጠጠር ተሞልቶ ይጠቀጠቃል፤ ሣሩ የመጨረሻ ነው። አንድ ቀን ከሣሩ ቁራጭ ሰጣት። «ወደዚህ ነው የሚተኛው» ብሎ እጇን ይዞ አስደባበሳት። መልቀቁን ረሳ። እሷም አላስታወሰችውም።

«በወጉ ከተሠራ ለሠርግሽ አይደርስም» አላት፣ ቀና ሳይል።

ልቧ ዘለለ። «እንግዲያው ንገራቸዋ! እኔ ስናገር አባቴ ይስቃሉ፤ ሚጣ ነኛ። የባለሙያ ቃል ግን ይሰማሉ። ሠርጉ ይገፋል፤ እስከዚያ እኔ...»

«እስከዚያ አንቺ ምን?»

አየችው። እሱም አካፋውን ተደግፎ አያት።

«ከልብሽ ነው?»

«አንተስ?»

«እኔማ የመጣሁ ዕለት ነው ያለቀልኝ።»

ሳቀች። ከዚያ ኮስተር አለች። «እንግዲህ ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው። ዛሬውኑ ንገራቸው።»

ያን ዕለት አባትየው ራሳቸው ምሳ ጠሩት። ከሳህናቸው እያነሱ ጨመሩለት። «ብላ እንጂ ልጄ! እንዲህ እየበላህ ነው እንዴ ያን ሁሉ የምትቆፍረው?» አሉና እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አደረጉ። «ጥሪው ተበትኗል። ሰው ፊት እንዳታሳፍረኝ፤ ይደርስልኛል አይደል?»

ሚጣ የውኃውን ማንቆርቆሪያ እንደያዘች በሩ ላይ ቀረች። በል እንጂ፣ በል፣ አለች በልቧ። ሣር አንጣፊው አፉን ከፈተ። እሷን አየ። ሽማግሌውን አየ።

«ይደርሳል፣ ጋሼ» አለ።

አይ ይሉኝታ! ስንቱን ሰው ጉድ ሠራኸው! ያስፈራራው የለም፣ የገፋው የለም። «ልጄ» ያሉትን ሰው እምቢ ማለት አፍሮ የሚወዳትን በአንድ ምሳ ሸጣት።

ከጠጠሩ ክምር ጀርባ አገኘችው።

«ምን ነካህ?»

«ዓይን ዓይኔን እያዩ ሲለምኑኝ ምላሴ ተሳሰረ።»

«የኔን ዓይን አላየህም?»

አካፋውን አንስቶ ጠጠሩን መዛቅ ጀመረ።

በማግሥቱ ሚጣ ራሷ አባቷ ዘንድ ገባች። «አባባ፣ የምወደው ሌላ ሰው አለ።» ሽማግሌው እንደፈራችው አልተቆጡም። «ወንድ ከሆነ መጥቶ ይንገረኝ» አሉ። እየሮጠች ወጥታ ነገረችው። እጁን ታጠበ፣ ሸሚዙን አስተካከለ፣ እስከ ሳሎኑ በር ሄደ። አባትየው ከውስጥ አዩት።

«ግባ ልጄ! ሥራው እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው፣ ጋሼ» ብሎ ተመለሰ።

ሚጣ ደረጃው ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበር። ፊቱን አይታ ሁሉም ገባት።

«ያበሉኝን ሰው እንዴት ብዬ...» ጀመረ።

«ተወው» አለችው። «ሥራህን ጨርስ።»

ጨረሰ። ሰው ጨምሮ፣ እልኽ እንደያዘው ቆፍሮ፣ ቱቦውን ቀብሮ፣ ጠጠሩን ጠቅጥቆ፣ ሣሩን መጋጠሚያው እስከማይታይ ለጥፎ ጨረሰ። ማጭበርበር አያውቅበትም። ምናለ ትንሽ እንኳ ቢያውቅበት! መሣሪያውን ጭኖ ሲወጣ ቀና ብሎ በየመስኮቱ ፈለጋት። ሚጣ መጋረጃውን ሳበች፤ ከዚያም እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

ሠርጉ ዕለት ዶፍ ወረደ። እንግዳው እየተንጫጫ ድንኳኑ ሥር ተጠጋጋ። ሚጣ በነጭ ቀሚሷ ሆና ሣሩን ሣሩን ታያለች። ይሙላ፣ ይንሳፈፍ፣ ሰው ሁሉ ይበተን፣ እያለች ለመነች። ውኃው ለአፍታ ከሣሩ በላይ ታየና ወደ ታች ጠፋ። ሙሽራው በርዷት መስሎት ኮቱን አለበሳት።

አባትየው ሣሩን በጫማቸው መታ መታ አድርገው ወደ እንግዶቹ ዞሩ።

«አያችሁልኝ? ጠብታ አልቀረም! ሰው ማለት እንዲህ ነው። ይህን የሠራው ልጅ እኮ ወርቅ ነው። ሌላ ሴት ልጅ ብትኖረኝ ለሱ ነበር የምድራት!»

እንግዳው ሳቀ። ሚጣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ተንሰቀሰቀች።

«አይዞሽ የኔ ልጅ» አሉ አክስቷ፣ ኩሏ እንዳይፈስ በመሀረብ እየጠረጉላት፤ «የአባት ቤት መልቀቅ ለሁላችንም እንዲሁ ነበር።»