ሁለት ሺህ ሰማይ

«አንድ የአባትሽ የቅርብ ጊዜ ፎቶ ብቻ!» አለች አክስቷ፣ የመኝታ ቤቱን በር በትከሻዋ ገፋ አድርጋ። «ከሰው ሁሉ አንቺ አይደለሽ እንዴ ስልክ ከእጅሽ የማይለየው? ፎቶ ቤቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ቶሎ በይ የኔ ልጅ።»

ልጅቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የስልኳን ፎቶዎች ወደ ላይ ወደ ታች ትገፋለች። አባቷ ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሳሎኑ ሊያጽናኑ በመጡ ሰዎች ተሞልቷል፤ ግድግዳው ላይ የሚሰቀል ፎቶ ግን ጠፍቷል። ያሉት የድሮው የሠርግ ፎቶና መታወቂያው ላይ ዓይኑን ያፈጠጠባት ጉርድ ፎቶ ናቸው። የእሱ ስልክ መኪናው ሲገለበጥ አብሮ ደቅቋል።

በእሷ ስልክ ላይ ሁለት ሺህ ምናምን ፎቶ አለ። ግማሽ ጨረቃ፣ ሙሉ ጨረቃ፣ ደመና የጋረዳት ጨረቃ። ብርቱካናማ ሰማይ፣ ሐምራዊ ሰማይ፣ ከዝናብ በኋላ እንደ ኮክ የቀላ ሰማይ። የክፍል ጓደኞቿ «ጨረቂት» የሚሏት ወደው አይደለም። አባቷ ግን አንዱም ላይ የለም።

ለምን እንደሌለ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። እሑድ አመሻሽ ላይ እንደ ልማዳቸው የሕንፃው ጣሪያ ላይ ወጥተው ነበር። አባቷ የሊፍት ጥገና ሠራተኛ ስለነበር የጣሪያው በር ቁልፍ ከኪሱ አይጠፋም። ሁልጊዜ እጇ እንዳይንቀጠቀጥ ከኋላዋ ቆሞ ክርኗን ደገፍ ያደርግላታል። ያን ቀን ግን ድንገት መጥቶ ፊቷ ቆመ። የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለ፤ ፀጉሩን በመዳፉ አበስ አበስ አደረገ።

«እስቲ ዛሬ እኔንም አንሺኝ።»

«አባዬ፣ ዞር በልልኝ! ብርሃኑ ሊያመልጠኝ ነው። አንተን ነገ አነሳሃለሁ።»

«አይ የኔ ነገር! ከጨረቃ ጋር ልወዳደር?» ብሎ ሳቀና ዞር አለላት።

በማግስቱ ጠዋት ለሥራ እንደወጣ ቀረ።

ልጅቷ ተነስታ ወደ እናቷ ሄደች፤ አክስቷም ተከተለቻት። እናቷ የአባቷን የሥራ ጃኬት ጉልበቷ ላይ አጥፋ በራሷ መኝታ ቤት፣ መስኮቱ ሥር ካለው አልጋ ላይ ተቀምጣለች።

«እማዬ፣ የለኝም።»

«ምኑ?»

«የአባዬ ፎቶ። አንድም።»

ቁጣ ጠብቃ ነበር፤ ቁጣ በተሻላት። እናቷ ግን እጇን ስባ አጠገቧ አስቀመጠቻት።

«አውቃለሁ። እሱ ካሜራ ሲያይ ፖሊስ ያየ ሌባ ነው የሚመስለው። ለሠርጋችን እንኳ ስንቴ ለምነነው! አሻፈረኝ ብሎሽ ነው፤ ራስሽን አትውቀሺ።» ከዚያ ወደ አክስትየዋ ዞረች። «በቃ፣ የመታወቂያውን ያሳድጉት።»

አክስቷ መታወቂያውን ይዛ ወጣች። ልጅቷ ዝም ካለች ነገሩ እዚያው ያበቃል።

«እስቲ አሳዪኝ» አለች እናቷ። «ሁለታችሁ እዚያ ላይ ወጥታችሁ ስትጠፉ ምን እንደምታነሱ አይቼ አላውቅም።»

አብረው ማየት ጀመሩ።

«እዚህ ላይ እሱ የት ነበር?»

«ከኋላዬ። ክርኔን ይዞ።»

«እዚህስ?»

«እዚህም ከኋላዬ። ‹ጨረቃ በወር ስንት ትከፍልሻለች?› እያለ ሲያሾፍብኝ።»

እናቷ በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሳቁ ግን መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ተለወጠባት። ልጅቷ መግፋቷን ቀጠለች፤ መጨረሻው ላይ ደረሱ። ጨረቃዋ ጥርት ብላ ከሕንፃዎቹ በላይ ወጥታለች፤ ሰማዩ ከታች ወርቅ፣ ከላይ ሐምራዊ ነው። እስከ ዛሬ ካነሳቻቸው ሁሉ የምታምረው ይቺ ፎቶ ናት።

«ይቺስ መቼ ነው?»

«እሑድ።»

እናቷ ጣቷን በቀስታ ስክሪኑ ላይ አሳረፈች። «እዚህም ከኋላሽ ነበር?»

«አዎ» ማለት ይቻላል። አንዲት ቃል ናት። ልጅቷ ስልኩን አጥፍታ አልጋው ላይ አስቀመጠችው።

«አይ፤ ፊቴ ነበር የቆመው» አለች። «እማዬ፣ አሻፈረኝ አላለም። ራሱ ነው አንሺኝ ያለኝ።»