ሦስተኛው ራኬት

«ክሩን አላላሽው ወይስ አጠበቅሽው?»

ጥርስ ሐኪሙ መወጠሪያው ማሽን ላይ ተደግፎ ነው የጠየቃት። ጥርስ ነቅሎ አያውቅም። ስሙን ያወጡለት የስለላ ክፍሉ ሰዎች ናቸው፤ ከእሱ ጋር የተነካካ ተጫዋች ሁሉ አፉን ይዞ ይቀራል።

እሷ ደግሞ ለስለላ ክፍሉ «መርፌ» ነች። ቦነስ አይረስ ላይ፣ ከፕላታ ዋንጫ የቴኒስ ሜዳ መቀመጫዎች ሥር ባለው ክፍል ውስጥ ግን ማሪሳ ትባላለች፤ ሁሉም «ቀጭኗ» ይላታል። የቴኒስ ራኬት ክር ትወጥራለች፤ ጉቦም ትበላለች። ጥርስ ሐኪሙ የሚያውቃት እንዲህ ነው።

«ተጫዋቹ እንዳዘዘኝ አድርጌዋለሁ» አለች።

«እንግዲያው ይህን አድርሺለት። የዛሬውን ጨዋታ ሦስተኛና የመጨረሻ ዙር ይልቀቅ። ዋንጫው ከሚከፍለው እጥፉን ይበላል። ባለፈው ወር በሩን ፊቴ ላይ ነው የዘጋው፣ ያ የታንዲል ግትር! ዛሬ እሺ ብሏል አልሽኝ። እናያለን።»

«ቢከሱትስ?»

«ማን ነው የሚከሰው? ኤቼኒኬ?» ሳቀ። «የውድድሩ ሹም እኮ ተካፋዬ ነው፣ ቀጭኗ። ራሱን ይክሰስ?»

ጉንጯን ቆንጥጧት ወጣ።

ሽርጧ ኪስ ውስጥ ያለው እርሳስ የሚያህል የብረት ድምፅ መቅጃ ሁሉንም ሰምቷል። የፈለገችው ይህንኑ ነበር።

የታንዲሉ ግትር ኔስቶር ኦያርሳባል ነው፤ አሁን ከላይ ሜዳው ላይ እየተጫወተ ነው። ዕድሜው ለቴኒስ አልፏል፤ እንዲህ ባለ ትልቅ ውድድር ሩብ ፍጻሜ ሲደርስ የመጀመሪያው ነው። በከተማው በታንዲል ልጆች የሚያሠለጥንበት የቴኒስ ክለብ ለሕንፃ ሊሸጥ ነው። ለግማሽ ፍጻሜ የሚሰጠው ገንዘብ ሜዳዎቹን ያድናል፤ ለሩብ ፍጻሜ ተሸናፊ የሚሰጠው አያድንም። ጥርስ ሐኪሙ ሲያባብለው ሊያጋልጠው እሷ ዘንድ የመጣው በገዛ እግሩ ነው። ለማስመሰል እሺ ያለውም ወጥመዱ እንዲሳካ እሷ ስለለመነችው ብቻ ነው። የስለላ ክፍሉ አለቃዋ «አጎት» ደግሞ ኔስቶርን ማንም እንደማይነካው ቃል ገብቷል።

ስልኩ ነዘረ።

«ጥርስ ሐኪሙ መኪናው ጋ ሳይደርስ ያዝነው» አለ አጎት።

«ኔስቶርስ?»

«ቃሌ ቃል ነው። መቅጃውን ይዘሽ ጠብቂኝ። ያ አዲሱ ክር ወጣሪ ምንም አያውቅም፤ እንዳይነቃብሽ።»

አዲሱ ፋቢያን ነው። ዛሬ ከሮሳሪዮ መጣሁ ብሎ ሁለተኛው ማሽን ጋ ተቀምጧል። ጥርስ ሐኪሙ ሲገባ ሲጋራ ላጭስ ብሎ ወጥቶ ነበር፤ አሁን ተመልሶ ማቴ የሚሉትን የቅጠል ሻይ በቀጭኑ ቧንቧ ይስባል።

ከፊቱ አንድ ክር የተበጠሰበት ራኬት ተጋድሟል። ራኬቱ ከመጣ ቆይቷል። ሌሎቹ ክሮች እንደተወጠሩ ናቸው።

ቀና አለች።

አንድ ክር ከተበጠሰ ቀሪው ወዲያው ይቆረጣል። አለዚያ ውጥረቱ ወዳንድ ወገን እየሳበ ራኬቱን ያጣምመዋል። ክር ወጣሪ ምሳውን አቋርጦ ይቆርጣል። እሷን እንኳ፣ ለሽፋን ብላ ሙያውን ስትማር፣ መጀመሪያ ያስያዟት መቁረጫ ነው።

ፋቢያን ክር ወጣሪ አይደለም።

ምንም አያውቅም ያላት አጎት ነው፤ ዋሽቷታል።

ለምን? መቅጃው ላይ የኤቼኒኬ ስም አለ። አጎት የሹሙ ሰው ከሆነ፣ መቅጃው ይጠፋል፤ ሹሙም ይተርፋል። ኔስቶር ግን ለአጭበርባሪ እሺ ያለ ተጫዋች ሆኖ ይቀራል፤ ገንዘቡን ይነጠቃል፣ ዕድሜ ልኩን ይታገዳል፣ ልጆቹም ስሙን ሲሰሙ ያፍራሉ።

በሩ ተበረገደ። ራኬት አመላላሿ ነች።

«ቀጭኗ! ኦያርሳባል የሁለተኛውንም ራኬት ክር በጠሰው! ባዶ እጁን ቁጭ ብሏል፣ ቶሎ በይ!»

ሀብታሞቹ ስምንት ራኬት ይዘው ይመጣሉ። ኔስቶር ያለው ሦስት ነው። ሦስተኛው፣ ክሩ ተወጥሮ ያለቀው፣ እሷ ጋ ነው።

ለፋቢያን ጀርባዋን ሰጠች። የእጀታውን ክዳን ከፈተች።

ብረት እጀታ ውስጥ ሲገባ ራኬቱ ሚዛኑን ያጣል፤ ተጫዋቹ ኳስ የሚያስጀምርበት ምት፣ ሰርቩም፣ አብሮ ይበላሻል። ይህን አሳምራ ታውቃለች። መቅጃውን በጨርቅ ጠቅልላ ጠቀጠቀችው፤ ክዳኑን ገጠመች። ኔስቶር የክሩን ልክ በሚያነብበት ነጭ ፕላስተር ላይ ጻፈች፦ «መቅጃው እጀታው ውስጥ ነው። እስከ ጋዜጠኞቹ ድረስ ከእጅህ አትለየው።» የእጀታውን ላስቲክ መልሳ አልብሳ ራኬቱን ለአመላላሿ ሰጠቻት።

«ለእሱ ብቻ። ሩጪ!»

ፋቢያን ተነስቶ በሩን ቆለፈ።

«መቅጃውን አምጪ፣ ቀጭኗ። አላስቸግርሽ፣ አታስቸግሪኝ።»

«የምን መቅጃ?»

በጥፊ አላት። ሽርጧን ቀደደ፣ መሳቢያዎቹን ገለበጠ፣ የክር ጥቅሎቹን ወለሉ ላይ ዘረገፈ። እሷ ከግድግዳው ጋር ተጣብቃ ጨዋታውን የሚያሳየውን የክፍሉን ቴሌቪዥን ታያለች።

ኔስቶር ፕላስተሩን አነበበ። ቀድዶ ኪሱ ከተተው። ራኬቱን በእጁ መዘነ።

አንዴ ካሜራውን አየ። እሷን ያያት መሰላት።

ሦስተኛውን ዙር ሲመራ ነበር። አሁን ሰርቩ መረቡን ይመታል። ደግሞም ይመታል። ዳኛዋ ነጥቡን ስትጠራ ከክፍሉ በላይ ያለው ተመልካች ያጉረመርማል። ይቅር በለኝ አለች በልቧ፤ ይቅር ሊላት እንደማይገባም ታውቃለች።

«የት አባሽ ነው የደበቅሽው?» ጮኸባት ፋቢያን።

ስክሪኑ ላይ የማሸነፊያው ነጥብ ለተጋጣሚው ሆነ። ኔስቶር የመጨረሻውን ኳስ መረብ ውስጥ ከተተው።

ከሜዳው ሲወጣ ራኬቱን ቦርሳው ውስጥ አላስገባም። በደረቱ አቅፎታል።

የፋቢያን ስልክ ጮኸ። አጎት ነው፤ ጩኸቱ እሷም ጋ ደረሰ። ጋዜጠኞቹ አዳራሽ ውስጥ፣ ካሜራ ሁሉ ፊት፣ ኦያርሳባል ራኬቱን ፈትቶ የጥርስ ሐኪሙን ድምፅ እያሰማ ነበር። ፋቢያን በሩን ከፍቶ ሮጠ። እሷም ወጣች፤ ወደ ሌላ አቅጣጫ።

ወንዙን ወደ ኡራጓይ በሚያሻግረው መርከብ ላይ አዲስ መታወቂያ ኪሷ ውስጥ ነበር። ቀረጻው ላይ ድምጿ አለ፣ ኔስቶር ለወጥመዱ እሺ እንዲል ስትለምነው ጭምር፤ ቦነስ አይረስ ከእንግዲህ አታያትም። ከባንኮኒው በላይ ያለው ቴሌቪዥን ኤቼኒኬን በካቴና አሳየ፣ ከኋላው ሹሙ የተናዘዘበትን አጎትን፣ ከዚያ ኔስቶርን።

«ስምዎ ነጽቷል» አለው ጋዜጠኛው። «ክለቡስ?»

«ሰኞ ያፈርሱታል።»

«ሲመሩ ቆይተው ምን ነካዎት?»

ኔስቶር «ደከመኝ» አለ።

ከጎኗ የተቀመጡት ሴትዮ ከንፈራቸውን መጠጡ። «አይ የኔ ልጅ፣ ያንን ኳስ እኔም አልስተው! እንዲህ ያለ ገንዘብ በገዛ እጁ ሲጥል አየሽልኝ?»

«አየሁ፣ እማማ» አለች።

ስሟን ጠየቋት። መታወቂያው ላይ የተጻፈውን ነገረቻቸው።