የአቶ ማካቤን ዘፈን ማን ዘፈነው?

አቶ ጌንዞ ማካቤ የዓሣ ጨረታ መሪ ስለነበሩ፣ በሕይወት ሳሉ ድምፃቸው ከወደቡ ጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማ ነበር። ሞተው ግን ሌሊቱን ሙሉ ማንም ልብ ሳይላቸው አደሩ። ጠዋት ኑድል ሻጯ እትዬ ቶሜ ቆሻሻ ሊጥሉ ሲወጡ፣ በ«ካሞሜ» መጠጥ ቤት ጓሮ፣ ከድንጋዩ ደረጃ ግርጌ፣ በባዶ የቢራ ሳጥኖች መካከል ተንጋለው አገኟቸው። አናታቸው ከኋላ ተፈንክቷል፤ ደረታቸው ላይ ሁለት የኮት ቁልፎች ተበጥሰዋል። የወደብ ከተማዋ የኩሺሮ ጉም ደግሞ አይጣል ነው፤ ምስኪኗ ሴትዮ ሊረግጧቸው ምንም አልቀራቸው።

የፖሊስ አለቃ ኦዳጊሪ ነገሩን ቶሎ መዝጋት ፈልገዋል። ትናንት ጥርስ ተነቅለው ጉንጫቸው አብጧል፤ ሕመሙ ደግሞ ለትዕግሥት አይመችም።

«ምን ያስጨንቅሻል ታዶኮሮ? የመጠጥ ቤቷ ባለቤት ናት» አሉ ጉንጫቸውን ይዘው። «ማክሰኞ ማታ ተጣልተው ‘ያ ደረጃ ይድፋህ!’ ብላዋለች፤ እዚያ የነበረ ሁሉ ሰምቷል። ትናንት ማታ አልመጣም ትላለች፤ ጎረቤቷ ግን ሲዘፍን ሰምቻለሁ ትላለች። ዋሸች ማለት ነው። ከምሳ በፊት ይዘናት እንሄዳለን።»

ኢንስፔክተር ሂሳኖ ታዶኮሮ አልቸኮለችም። ይህች ሴት፣ አለቃ ሲቸኩል እሷ የምትዘገይ ነገረኛ ናት። ቁጢጥ ብላ እጇን ከሬሳው ጀርባ ሥር ሰደደች። ድንጋዩ ሁሉ በዝናብ ርሷል፤ እዚያ ሥር ያለው ግን ደረቅ ነው።

«አለቃ፣ ትናንት ዝናቡ መቼ ጀመረ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ጥርስ ሐኪሙ ጋ ስገባ ገና ፀሐይ ነበረች፤ ያ ጨካኝ ለቆኝ ስወጣ ጨልሞ ዝናቡ ይወርዳል። ምነው?»

«ምንም። እስከ ምሳ ሰዓት ይስጡኝ።»

«ካሞሜ» ከስምንት ሰው በላይ አይዝም። ከመደርደሪያው ጫፍ ደንበኞች በማይክ የሚዘፍኑበት የዘፈን ማሽን አለ፤ በላዩ ላይ ደግሞ የሚዮ ቶሪጎኤ የቆየ ፎቶ ተሰቅሏል። ሚዮ ቶሪጎኤን የማያውቅ እዚያ አገር የለም። ግጥሙንም ዜማውንም ራሷ የምትሠራ፣ ፀጉሯ ነጭ ሆኖም አዳራሽ የምትሞላ ዘፋኝ ናት። «ሦስተኛዋ መርከብ» የተሰኘውን ዘፈኗን የዛሬ ጎረምሳ እንኳ በቃሉ ይዞታል። ባሏን ከባሕር ስለምትጠብቅ ሴት ነው፤ የሰማው ሁሉ ግን ለእኔ የተዘፈነ ነው ይላል። የታዶኮሮ እናት ዓሣ ሲበልቱ ያንጎራጉሩት ነበር። ታዶኮሮ ፎቶውን ስታይ የእናቷ እጅ ሽታ መጣባትና ፊቷን አዞረች።

እዚህ ቤት ደንበኛው ሁሉ የየራሱ ዘፈን አለው። የሌላውን ዘፈን መንካት በሌላ ሰው የጥርስ ብሩሽ እንደ መፋቅ ነው። «ሦስተኛዋ መርከብ» የአቶ ማካቤ ነበር።

የቤቱ ባለቤት ማማ ፉሳኤ ንጹሕ ብርጭቆ ደጋግመው ይወለውላሉ። ጉሮሯቸውን ቀዶ ሕክምና ከተደረጉ ወዲህ ድምፃቸው ተዘግቶ በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት።

«ማማ፣ አቶ ማካቤ ትናንት ማታ መጥተው ነበር?»

«አልመጣም።»

«እትዬ ቶሜ ዘፈኑን ሰምተዋል።»

«ሰምታ ይሆናላ።»

«ታዲያ ማን ዘፈነው?»

ማማ ብርጭቆውን አስቀመጡ። «ደክሞኛል ልጄ። ከፈለጋችሁ ውሰዱኝ።»

ነገሩ ለታዶኮሮ አልጣማትም። ለከንቲባ እንኳ መልስ የማያጡ ሴት እንዴት እስር ቤት ውሰዱኝ ይላሉ? ማንን እየሸፈኑ ነው?

ጥግ ላይ አቶ ሴይጂ ኡሜሃራ ተቀምጠዋል፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ሚስታቸው ናሚኤ ከሞተች ወዲህ ቤታቸው ይኸው መጠጥ ቤት ሆኗል።

«አቶ ማካቤን መጨረሻ ያዩዋቸው መቼ ነው?»

«ማክሰኞ ማታ፣ እዚሁ። ከዚያ ወዲህ ዓይኑን አላየሁም።»

«ትናንትስ?»

«በጊዜ መጣሁ፤ ከማማ በቀር ሰው አልነበረም። አንድ ብርጭቆ ጠጥቼ ወጣሁ።»

«ሲዘፈን አልሰሙም?»

«እኔ እያለሁ ማንም አልዘፈነም።» አቶ ሴይጂ ጠረጴዛውን እያዩ ቀጠሉ። «እኔ ከሄድኩ በኋላ መጥቶ እንደሆነ… እሱን እንግዲህ ማማን ጠይቋቸው።»

ማማ ፉሳኤ ቀና ብለው አዩዋቸው። ታዶኮሮ ያንን አስተያየት አየችው፤ ቁጣ አልነበረም፣ ሐዘን ነበር።

ሦስተኛው ደንበኛ ጥርስ ሐኪሙ ዶክተር ሂራታ ናቸው። በሩን አልፈው ገና ሳይቀመጡ መለፍለፍ ጀመሩ።

«እኔን ከጠረጠራችሁ እውነታችሁን ነው፤ ሰውዬውን አልወደውም ነበር! አምና አንድ ማታ ዛሬስ አይመጣም ብዬ ዘፈኑን ጀመርኩ። በሩን በርግዶ ገባና ቢራውን አናቴ ላይ ደፋብኝ። ከዚያ ወዲህ ማን ይነካዋል? በየትኛው ደቂቃ ብቅ እንደሚል አይታወቅም። ማክሰኞ ዕለት ደግሞ ሴይጂን ‘ብሞትም እንኳ ማንም አይዘፍናትም!’ ብሎ ጮኸበት። ማማ የረገመችው ለዚያ ነው።»

«ትናንት መቼ መጡ?»

«የአለቃሽን ጥርስ ነቅዬ! እንዴት ያለ ሥር መሰለሽ፣ የዛፍ ነው እኮ። ስመጣ ማማ ብቻዋን ነበረች፤ ዓይኗ ቀልቷል።»

ታዶኮሮ ወደ ጎረቤት ዘለቀች። እትዬ ቶሜ ሽንኩርት ይከትፋሉ።

«ማካቤ ነው አልኩሽ እኮ ልጄ! ሌላ ማን ይደፍራል? በየማታው ሲያጓራ ግድግዳውን በማማሰያ እደበድባለሁ። ትንፋሹ ስለሚያጥረው የዘፈኑ ሁለተኛ ክፍል ላይ ያቆምና ‘አጨብጭቡ!’ ይላል።»

«ትናንትም እንደዚያው ነበር?»

እትዬ ቶሜ ቢላዋቸውን አቆሙ። «ትናንትማ… ምን እንደነካው እንጃ። ቀስ ብሎ፣ ለአንድ ሰው እንደሚነግር አድርጎ ዘፈነው። ቧንቧውን ዘግቼ ቆምኩ። መርከቧ የምትመጣበትን፣ ሦስተኛውን ክፍል ሳይቀር ጨረሰው። አልቅሻለሁ ብልሽ ታምኚኛለሽ?»

«አምንዎታለሁ። ማማ ፉሳኤስ ቀን የት ነበሩ?»

«የት ትሆናለች? እዚሁ እኔ ጋ ሽንኩርት ስትልጥ ውላ፣ ዝናቡ ሲጀምር ነው ቤቷን ልትከፍት የሄደችው።»

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሁሉም «ካሞሜ» ተሰበሰቡ። አለቃ ኦዳጊሪ በር ላይ ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ። ማማ ፉሳኤ ኮታቸውን ለብሰው፣ የማሽኑን መሰኪያ ነቅለው፣ ለመሄድ ተዘጋጅተዋል።

«ኮትዎን ያውልቁ ማማ» አለች ታዶኮሮ። «አለቃ፣ አቶ ማካቤ ከወደቁበት ሥር ድንጋዩ ደረቅ ነው። የወደቁት ዝናቡ ሳይጀምር፣ ገና በቀን ነው። ያን ጊዜ ማማ እትዬ ቶሜ ጋ ነበሩ። ዶክተር ሂራታ ደግሞ የእርስዎን አፍ ከፍተው ቆመዋል።»

«ዘፈኑስ?» አለቃው ጉንጫቸውን ለቀቁ። «የሞተ ሰው ይዘፍናል?»

«አይዘፍንም። እትዬ ቶሜ የሰሙት የለመዱትን ዘፈን ነው፤ ድምፁ ግን የአቶ ማካቤ አልነበረም። አቶ ማካቤ ሦስተኛውን ክፍል ዘፍነው አያውቁም፤ ደግሞም ማንንም አስለቅሰው አያውቁም።»

«ውነትሽን ነው!» አሉ እትዬ ቶሜ። «እኔ ደንቆሮ!»

«ማማ መዝፈን አይችሉም። ዶክተር ገና አልመጡም። ያን ሰዓት እዚህ የነበሩት ሌላ ሰው አንድ ብቻ ናቸው።» ታዶኮሮ ወደ ጥግ ዞረች። «አቶ ሴይጂ፣ ማንም አልዘፈነም ያሉኝ ለምንድን ነው?»

አቶ ሴይጂ ከጠረጴዛው ቀና አሉ። «እሺ፣ ዘፈንኩ። አፍሬ ነው የደበቅኩት። መዝፈን ወንጀል ነው?»

«አይደለም። ግን በሩ በየትኛው ደቂቃ እንደሚከፈት አይታወቅም። ዶክተር በፍርሃት አምና የተዉትን ዘፈን፣ እርስዎ እስከ መጨረሻው፣ ሳይቸኩሉ ዘፈኑት። በሩ እንደማይከፈት በምን አወቁ?»

«እሱ ራሱ… ፈቅዶልኝ ነበራ።»

«መቼ?»

«ትናንት፣ ቀን ላይ—»

አፋቸውን ያዙ። ዘግይተው ነበር።

«ከማክሰኞ ወዲህ ዓይኑን አላየሁም ብለውኛል» አለች ታዶኮሮ ድምፅዋን ሳታነሣ። «እርስዎ ሲዘፍኑ ማማ ሰምተውዎታል። ጠዋት ሬሳው ሲገኝ ሁሉንም ተረዱ፤ ግን እርስዎን ከሚያሳስሩ ራሳቸው ሊታሰሩ ቆረጡ። እርስዎስ? ‘ማማን ጠይቋቸው’ አሉኝ።»

አቶ ሴይጂ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ።

«ማማ፣ ይቅር በሉኝ። ፈርቼ ነው… ትናንት የናሚኤ ሙት ዓመት ነበር። ሆስፒታል ሆና ‘ሦስተኛዋን መርከብ ዝፈንልኝ’ አለችኝ። እኔ ጅሉ ምን አልኳት መሰላችሁ? ‘የማካቤ እኮ ነው’ አልኳት። ልትሞት በተኛችበት! ሳትሰማው ሄደች። ትናንት ደረጃው ላይ አግኝቼው ለአንድ ማታ ብቻ ብዬ ለመንኩት። ሳቀ። ‘ሚስትህ ሞታለች፣ ለማን ልትዘፍን ነው?’ አለኝ። ኮቱን ይዤ ገፈተርኩት። ልገድለው አልነበረም… ግን ወድቆ ዝም ሲል፣ ሰው አልጠራሁም። ማታ መጥቼ ዘፈንኩ።»

«ለምን ዝም አሉ ማማ?» አሉ አለቃው፣ እንደ መቆጣትም እንደ ማፈርም ብሏቸው።

«ስንት ዓመት ሙሉ ያ ዘፈን እዚህ ሲበላሽ ሰማሁ» አሉ ማማ ፉሳኤ በዚያ በተዘጋ ድምፃቸው። «አንድ ቀን እንደሚገባው የተዘፈነው ትናንት ነው። እሱን የዘፈነ ሰው ላይ አፌ እንዴት ይከፈት?»

አለቃው ካቴናውን አወጡ፤ ታዶኮሮ በዓይኗ ስትከለክላቸው መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። አቶ ሴይጂ በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙና ወደ ኑድል ሻጯ ዞሩ።

«እትዬ ቶሜ፣ በግድግዳው በኩል በደንብ ይሰማ ነበር?»

«ይሰማ ነበር።»

«ሦስተኛውም ክፍል?»

እትዬ ቶሜ በሽርጣቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ሦስተኛውም።»

አቶ ሴይጂ ዝቅ ብለው እጅ ነሡና ከአለቃው ቀድመው ወደ ጉሙ ወጡ።